የሽሉ ቀጠሮ፦ የአይቪኤፍ ሕክምና ከኦልድሃም እስከ ጳውሎስ ሆስፒታል

በኖቬምበር 1977 ሌስሊ ብራውን በሰሜን እንግሊዝ፣ ኦልድሃም አጠገብ ባለ ትንሽ ሆስፒታል ተኝታ ቀንም ሌሊትም በየሦስት ሰዓቱ ሽንቷን ለምርመራ ትሰጥ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሐኪሞቿ የሚጠባበቁት ኤልኤች የተባለው ሆርሞን በድንገት ከፍ የሚልበትን ሰዓት ነው። ያ ሰዓት ከተያዘ እንቁላሏ በስላ ከእንቁልጢ፣ ማለትም ከኦቫሪ፣ የምትወጣበትን ጊዜ ማስላት ይቻላል። ቀድሞ የደረሰ ሐኪም ያልበሰለች እንቁላል ያገኛል፤ የዘገየ ደግሞ ባዶ ከረጢት። ሌስሊ ሁለቱም የማህፀን ቱቦዎቿ ተዘግተው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ልጅ ስትጠብቅ ኖራለች። ሐኪሙ ፓትሪክ ስቴፕቶ በእምብርቷ አጠገብ ባስገቡት ቀጭን መመልከቻ እየታገዙ አንዲት እንቁላል ብቻ ቀዱ። ተመራማሪው ሮበርት ኤድዋርድስ ከባሏ ዘር ጋር በሳህን አገናኟት፤ ባልደረባቸው ጂን ፐርዲ ደግሞ ሽሉ ሲከፋፈል በማይክሮስኮፕ ተከታተሉት። ሁለት ቀን ተኩል ያህል ሲሆነው፣ ስምንት ሕዋስ ላይ እንዳለ ወደ ማህፀኗ ገባ። ጁላይ 25 ቀን 1978 ሉዊዝ ብራውን ተወለደች።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ ተነግሯል። እምብዛም የማይነገረው ሌስሊ እንቁላል የሚያበዛ መድኃኒት ያልተሰጣት መሆኑ ነው። ኤድዋርድስና ስቴፕቶ ከዚያ በፊት ለዓመታት ሴቶችን በሆርሞን መርፌ እያከሙ ብዙ እንቁላል ይቀዱ ነበር። እንቁላሎቹ ይዳብራሉ፣ ሽሎቹም ሲታዩ ያማሩ ናቸው፤ ወደ ማህፀን ሲገቡ ግን አንዳቸውም ሕፃን አልሆኑም። ኤድዋርድስ ቀስ በቀስ የተረዱት እንቁላልን የሚያበዛው መድኃኒት የወር አበባ ዙሩን ሁለተኛ አጋማሽ እንደሚያዛባ፣ ማህፀኑም ሽሉን ለመቀበል እንደማይመቸው ነው። እናም መድኃኒቱን ሁሉ ትተው ተፈጥሮ በወር ወደምትሰጣት አንዲት እንቁላል ተመለሱ።

ለእንቁልጢ የሚበጀው ለማህፀን ላይበጅ ይችላል። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዐሥርት ዓመታት የወጡት የሕክምና ፕሮቶኮሎች በሙሉ ማለት ይቻላል ከዚህ አንድ ቅራኔ ጋር የተደረገ ትግል ናቸው ብዬ አምናለሁ። ረጅሙም፣ አጭሩም፣ ሦስተኛው ቀንም፣ አምስተኛው ቀንም፣ ትኩሱም፣ የቀዘቀዘውም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ሽሉና ማህፀኑ በአንድ ቀጠሮ እንዲገናኙ እንዴት ይደረግ?

ከዚያ በፊት ግን ለኦልድሃም ሴቶች አንድ ቃል ሊባልላቸው ይገባል። ከ1969 እስከ 1978 በዚያ ሙከራ ያለፉት 282 ናቸው፤ ልጅ ይዘው የወጡት ሁለት ብቻ። የቀሩት ሆዳቸው ተበስቶ፣ ተስፋቸውም ደጋግሞ ተሰብሮ ባዶ እጃቸውን ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ዛሬ አይቪኤፍ (ከማህፀን ውጭ የሚደረግ ፅንሰት) የሚባለው እውቀት ያረፈው በእነሱ ሥቃይ ላይ ነው። ጂን ፐርዲም በ1985 በ39 ዓመታቸው ሲያርፉ ስማቸው ብዙ አልተጠራም ነበር። ለሥራው መታሰቢያ በተተከለው ጽሑፍ ላይ የእሳቸውም ስም እንዲገባ ኤድዋርድስ አጥብቀው ቢጠይቁ የሰማቸው አልነበረም። ኤድዋርድስ የኖቤል ሽልማታቸውን ሲቀበሉ ዓመቱ 2010 ነበር፤ ስቴፕቶም ከሞቱ 22 ዓመት ሆኗቸዋል።

ከሉዊዝ 70 ቀን በኋላ፣ በኦክቶበር 3 ቀን 1978፣ ሕንድ ኮልካታ ውስጥ ዱርጋ የተባለች ሕፃን ተወለደች። ሐኪሙ ሱባሽ ሙከርጂ ነበሩ። መንገዳቸው ከእንግሊዞቹ ፈጽሞ ይለያል። ለእናትየው ሆርሞን ሰጥተው ከአንድ በላይ እንቁላል አበሰሉ፤ እንቁላሉን በሆድ ሳይሆን በብልት በኩል ቀዱ፤ ሽሎቹንም ወዲያው አላስገቡም። አቀዝቅዘው 53 ቀን ካቆዩ በኋላ፣ ማህፀኑ ከመድኃኒቱ ሲያርፍ በሌላ ዙር አስገቡ። ኤድዋርድስ ቅራኔውን መድኃኒቱን በመተው ሲሸሹት፣ ሙከርጂ እንቁልጢንና ማህፀንን በጊዜ በመለየት ፈቱት። ዛሬ በትልልቅ ክሊኒኮች «ሁሉንም አቀዝቅዝ» የሚባለው አሠራር ይኸው ነው።

ያመናቸው ግን አልነበረም። መንግሥት የሰየመው ኮሚቴ ሥራቸውን ሐሰት አለው፤ ግኝታቸውን ውጭ አገር ሄደው እንዳያቀርቡ ተከለከሉ፤ በመጨረሻም ወደ ዓይን ሕክምና ተቋም ተዛወሩ። በጁን 1981 ራሳቸውን አጠፉ። ማስታወሻ ደብተራቸውን መርምረው እውነቱን ያወጡት፣ የሕንድ የመጀመሪያው የአይቪኤፍ ስኬት የራሳቸው ነው ተብሎ ይቆጠር የነበረው ቲ. ሲ. አናንድ ኩማር ናቸው። ክብሩ ለሙከርጂ እንደሚገባ በ1997 በይፋ መሰከሩ። የራሱን ስም አሳንሶ ለሞተ ሰው የሚመሰክር ሳይንቲስት ብዙ አይገኝም።

ኤድዋርድስ የተዉትን መድኃኒት መልሰው ያነሡት አውስትራሊያኖችና አሜሪካኖች ናቸው። በሜልቦርን የአለን ትራውንሰንና የካርል ዉድ ቡድን ክሎሚፊን የተባለውን ክኒን ተጠቀመ። በቨርጂኒያ ኖርፎክ ደግሞ ሐዋርድና ጆርጂያና ጆንስ የተባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች ኤችኤምጂ የተባለውን መርፌ ያዙ፤ በዲሴምበር 1981 የአሜሪካ የመጀመሪያዋ የአይቪኤፍ ሕፃን ኤልዛቤት ካር ተወለደች። የኤችኤምጂ ምንጭ የሚገርም ነው። የወር አበባ ካቆመ በኋላ የሴት ሰውነት እንቁልጢን የሚቀሰቅሱ ሆርሞኖችን በብዛት ያመነጫል፤ ትርፉም በሽንት ይወጣል። ጣሊያናዊው ኬሚስት ፒየሮ ዶኒኒ ሆርሞኑን ከሽንት ማጣራት ቻሉ። ለፋብሪካው የሚበቃ ሽንት፣ ያውም እርጉዝ ያልሆኑ ሴቶች ሽንት፣ ከየት ይምጣ ሲባል መልሱ በጣሊያን ገዳማት ያሉ አረጋውያን መነኮሳይያት ሆኑ። ብሩኖ ሉነንፌልድ መድኃኒቱን እስራኤል ውስጥ ለታካሚዎች ሰጥተው በ1962 የመጀመሪያው ልጅ ተወለደ። ለእግዚአብሔር ተለይተው ልጅ ሳይወልዱ የኖሩ እናቶች ለስንት ሴት ልጅ ምክንያት እንደሆኑ ሳስበው ልቤ ይነካል። በላቦራቶሪ የሚሠራው ሆርሞን ሽንቱን የተካው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው።

ብዙ እንቁላል ማግኘት ሌላ ችግር አመጣ። ከረጢቶቹ ሲያድጉ ኤስትሮጅን ይጨምራል፤ አንጎልም ይህን አይቶ ኤልኤችን ከጊዜው በፊት ይለቃል፤ እንቁላሎቹ ሐኪሙ ሳይደርስ ይወጣሉ። የሁለት ሳምንት መርፌና የቤተሰብ ጥሪት በአንድ ሌሊት ይባክናል። መፍትሔው የመጣው ከአንጎል በኩል ነው። አንድሪው ሻሊና ሮጀር ጊየማን የተባሉት ተመራማሪዎች በ1971 እነዚህን ሆርሞኖች የሚያዘውን ጂኤንአርኤች ምን እንደሆነ ለይተው ነበር፤ በ1977ም የኖቤል ሽልማት አገኙበት። እሱን መስሎ የተሠራው አጎኒስት የተባለው መድኃኒት መጀመሪያ የአንጎሉን ዕጢ ይቀሰቅሳል፤ መሰጠቱ ሲቀጥል ግን ዕጢው ይደክምና ዝም ይላል። በ1984 እንግሊዞች ይህን ለአይቪኤፍ እንዳዋሉት አስታወቁ። «ረጅሙ ፕሮቶኮል» የተወለደው ከዚያ ነው። ሴቲቱ ካለፈው ዙር መጨረሻ አካባቢ ጀምራ ሁለት ሳምንት ያህል በመድኃኒት ዝም ትሰኛለች፤ እንደ ማረጥ ያለ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የእንቅልፍ ማጣት ታያለች፤ ከዚያ እንቁላል የሚያበዛው መርፌ ይጀመራል። ከባድ ነው። ነገር ግን ሰዓቱ ሙሉ በሙሉ በሐኪሙ እጅ ገባ። በየሦስት ሰዓቱ ሽንት መለካት ቀረ፤ ክሊኒኩ እንቁላል የሚቀዳው በሥራ ሰዓት ሆነ። በዚያው ጊዜ በአልትራሳውንድ እየተመሩ በብልት በኩል መቅዳት ስለተለመደ ሆድ መብሳቱም ቀረ።

ለ15 ዓመት ያህል ዓለም በረጅሙ ፕሮቶኮል ኖረ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የመጡት አንታጎኒስት የተባሉ መድኃኒቶች (ሴትሮሬሊክስና ጋኒሬሊክስ) ዕጢውን ሳይቀሰቅሱ በሰዓታት ውስጥ ይዘጉታል። ስለዚህ አስቀድሞ ማድከም አያስፈልግም፤ መርፌው በወር አበባ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ቀን ይጀመራል፣ አንታጎኒስቱ ደግሞ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው የመርፌ ቀን ይጨመራል። ሁሉም ነገር ሁለት ሳምንት አይሞላም። መጀመሪያ ላይ ብዙ ሐኪሞች ውጤቱ ያንሳል ብለው ሸሹት። በኋላ ብዙ ጥናቶች ተደምረው ሲመዘኑ በሕይወት የሚወለደው ልጅ ቁጥር ጉልህ ልዩነት እንደሌለው፣ አደገኛው የእንቁልጢ መቆጣት ግን በአንታጎኒስቱ እንደሚያንስ ታየ። ስለዚህ አንዲት ሴት ጎረቤቷ በረጅሙ ስለታከመች ብቻ «ለእኔ የተሰጠኝ አጭሩ ያነሰ ነው» ብላ የምትጨነቅበት ምክንያት የለም። ረጅሙ ዛሬም የሚመረጥበት ጊዜ አለ፤ ኢንዶሜትሪዮሲስ የተባለው ሕመም የከበደባቸው ሴቶች አንዱ ምሳሌ ናቸው። ለአብዛኞቹ ግን የሚያስጨንቀው ጥያቄ ይህ አይደለም።

የእንቁልጢው መቆጣት ያልኩት ነገር በዝርዝር መታየት አለበት፤ የማቀዝቀዝን ታሪክ ያዞረው እሱ ነውና። እንቁላሎቹ መጠናቸው ሲደርስ የመጨረሻውን ብስለት የሚሰጥ አንድ መርፌ ይወጋል። ከተወጋ 36 ሰዓት ገደማ ላይ እንቁላል ይቀዳል፤ ማታ 4 ሰዓት የተወጋች ሴት ከነገ ወዲያ ጠዋት 4 ሰዓት አልጋ ላይ ናት። በዚህ ሕክምና ውስጥ በደቂቃ የሚጠበቅ ነገር ካለ ይህ መርፌ ነው። ለዓመታት የነበረው ኤችሲጂ፣ የእርግዝና ሆርሞን፣ ነው። ኤችሲጂ በደም ውስጥ ለቀናት ይቆያል፤ እንቁልጢዎቿ ብዙ ከረጢት የያዙባት ሴት ሆዷ ያብጣል፣ ከደም ሥሯ ውኃ ወደ ሆዷና ወደ ደረቷ ይፈስሳል፣ ደሟ ይወፍራል፤ ከባድ ከሆነ ደም ረግቶ ሊገድል ይችላል። በዚያው ዙር ካረገዘች ደግሞ ሰውነቷ ራሱ ኤችሲጂ ስለሚሠራ ይብስባታል። ሐኪሞች በአንታጎኒስት ዙር በኤችሲጂ ፈንታ አጎኒስት ቢወጋ አደጋው ሊጠፋ እንደሚቀርብ አዩ። ዋጋው ግን ማህፀኑ ነው፤ እርግዝናን የሚደግፈው ሆርሞን፣ ፕሮጄስትሮን፣ ፈጥኖ ይወድቃል። እንግዲህ እንቁላሉን በደኅና ቅዳ፣ ሽሉን አቀዝቅዝ፣ ሴቲቱ ትረፍ፣ በሌላ ወር አስገባ ተባለ። የብራስልሱ ፖል ዴቭሮይና ባልደረቦቻቸው በ2011 ይህን አካሄድ በጽሑፍ ሲያቀርቡ መነሻቸው የሴቲቱ ደኅንነት ነበር። ብዙ ልጅ የሚያስገኝ ነው የሚለው ኋላ የተጨመረ ነው።

ማቀዝቀዝ ራሱ ግን ከየት መጣ? በ1949 እንግሊዛዊው ክሪስቶፈር ፖልጅና ጓደኞቻቸው ግሊሰሪን የተጨመረበት የአውራ ዶሮ ዘር ከበረዶ ተርፎ እንደሚነሣ አገኙ። ዕውቀቱ ቶሎ ወደ ኮርማ ተሻገረ፤ የከብት ርባታን በዓለም ዙሪያ ለወጠ። እኛም አገር ቃሊቲ ያለው የከብት ሰው ሠራሽ ማዳቀያ ማዕከል ለዓመታት የኮርማ ዘር በፈሳሽ ናይትሮጅን እያቆየ ሲያከፋፍል ኖሯል። ዘር ግን ጥቃቅንና ብዙ ነው፤ ሚሊዮን ቢሞት ሚሊዮን ይተርፋል። ሽል አንድ ነው፤ በውስጡም ውኃ አለ። ውኃው በረዶ ሲሆን እንደ መርፌ የሾለ ክሪስታል ሠርቶ ሕዋሱን ይቀድደዋል። በ1972 ዴቪድ ዊቲንግሃም፣ ስታንሊ ላይቦና ፒተር ማዙር የአይጥ ሽል በዝግታ አቀዝቅዘው አስነሡ፤ አይጦችም ተወለዱ። የዝግታው ምሥጢር ውኃው በረዶ ከመሆኑ በፊት ከሕዋሱ ወጥቶ እንዲያልቅ ጊዜ መስጠት ነው። በሰው ላይ ትራውንሰንና ሊንዳ ሞር በ1983 የመጀመሪያውን እርግዝና አስታወቁ፤ ያ እርግዝና ሳይዘልቅ ቀረ። በማርች 1984 ግን ዞይ የተባለች ሕፃን በሜልቦርን ተወለደች።

ለሃያ ዓመት ያህል ቀዝቃዛው ሽል የትኩሱ ተረፈ ምርት ሆኖ ቆየ። በዝግታ ከቀዘቀዙት ብዙዎቹ ሲሟሙ ይሞታሉ፣ ወይም ከፊል ሕዋሳቸው ጠፍቶ ይነሣሉ። ነገሩን የገለበጠው ቪትሪፊኬሽን የተባለው በቅጽበት የማቀዝቀዝ ዘዴ ነው። ዊሊያም ሮልና ግሪጎሪ ፋሂ በ1985 የአይጥ ሽል በዚህ መንገድ አቆይተው አሳይተዋል፤ ጃፓናዊው ማሳሺጌ ኩዋያማ ደግሞ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለሰው ሽል የሚመች ቀጭን መያዣ ሠሩለት። ሥራው ሲሠራ ማየት ያስደንቃል። ክፍሉ ደብዘዝ ያለና ሞቃት ነው። ባለሙያዋ ሽሉን ውኃ በሚስብ ፈሳሽ ውስጥ ታኖረዋለች፤ ሽሉ በማይክሮስኮፑ ሥር ጭምድድ ይላል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይነፋል። ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ወፍራሙ ፈሳሽ ሲዛወር ያላት ጊዜ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው፤ ካለፈ ፈሳሹ ራሱ መርዝ ይሆንበታል። ሽሉን ከፀጉር እምብዛም በማይወፍር የፕላስቲክ ቅጠል ጫፍ ላይ አስቀምጣ በዙሪያው ያለውን ፈሳሽ መልሳ ትመጥጣለች፤ የሚቀረው በዓይን የማይታይ ነጠብጣብ ነው። ከዚያ በአንድ እንቅስቃሴ ቀጥ አድርጋ ናይትሮጅኑ ውስጥ ታስገባዋለች። ቅዝቃዜው 196 ዲግሪ ከዜሮ በታች ነው፤ ፍጥነቱም በደቂቃ ከ20 ሺህ ዲግሪ ይበልጣል። ውኃው ክሪስታል የሚሠራበት ጊዜ አያገኝም፤ እንደ መስታወት ይጠጥራል። በጥሩ ላቦራቶሪ በዚህ መንገድ ከቀዘቀዙ ሽሎች ከ100 ውስጥ 95 ያህሉ በሕይወት ይነሣሉ። «በጥሩ ላቦራቶሪ» ያልኩት ግን ለማሳመር አይደለም። የዚህ ሙያ ውጤት ከማሽኑ ይልቅ በእጅ ልምድ ላይ ያርፋል።

ቀዝቃዛ ሽል የመጀመሪያውን ትልቅ ጥቅሙን ያሳየው መንታን በመቀነስ ነው። በስዊድንና በጎረቤቶቿ በተደረገና በ2004 በታተመ ጥናት 661 ሴቶች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ለአንዱ ወገን ሁለት ሽል በአንድ ጊዜ ገባ፤ ለሌላው አንድ ትኩስ፣ ያ ካልያዘ ደግሞ አንድ የቀዘቀዘ። ቢያንስ አንድ ልጅ በሕይወት የወለዱት ሁለት ከገባላቸው 42.9 በመቶ፣ አንድ በአንድ ከገባላቸው 38.8 በመቶ ናቸው። ከወለዱት ውስጥ መንታ የሆነው ግን በመጀመሪያው ወገን 33.1 በመቶ ሲሆን በሁለተኛው 0.8 በመቶ ብቻ ነበር። መንታ በረከት ነው ይባላል። ያለጊዜው ተወልዶ በማሞቂያ ውስጥ ሳምንታት የሚያሳልፍ ሕፃን ያላት እናት ግን ይህን ቁጥር በሌላ ዓይን ታየዋለች።

ስለ ቀኑም ብዙ ክርክር ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሐኪሞች ሽሉን በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ያስገቡ የነበረው ከዚያ በላይ በሳህን ማኖር ስለማይችሉ ነው። ሽል በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚኖረው እናቱ በእንቁላሉ ውስጥ ባስቀመጠችለት ስንቅ ነው፤ የራሱ ዘረ መል ሥራ የሚጀምረው ከአራት እስከ ስምንት ሕዋስ ላይ ሲደርስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ፍላጎቱ ይለወጣል። ዴቪድ ጋርድነር በ1990ዎቹ መጨረሻ ለሁለቱ ዘመን ሁለት የተለያየ ፈሳሽ አዘጋጅተው ሽሉን እስከ አምስተኛው ቀን፣ ብላስቶሲስት እስከሚባለው ደረጃ ድረስ ማሳደግን አቀለሉት። በተፈጥሮም ሽል ማህፀን የሚደርሰው በዚያ ጊዜ አካባቢ ስለሆነ ቀጠሮው ይቀራረባል፤ ደካሞቹም መንገድ ላይ ስለሚቀሩ ለማስገባት የሚመረጠው ይታወቃል። ለአንድ ትኩስ ዙር አምስተኛው ቀን ከሦስተኛው የተሻለ ልጅ ይሰጣል። ነገር ግን ከአንድ ጊዜ ቅዳት የሚገኘው ትኩሱም ቀዝቃዛውም ሽል ሁሉ ሲደመር ብልጫው ጎልቶ አይታይም። ሁለትና ሦስት ሽል ብቻ ላላት ሴት እስከ አምስተኛው ቀን መጠበቅ ባዶ እጇን የመቅረት አደጋ አለው። ሐኪም በዚህ ላይ «እስቲ ሦስተኛው ቀን እናስገባ» ቢል ወደ ኋላ መቅረቱ አይደለም።

ከ2010 በኋላ ብዙ ክሊኒኮች ሁሉንም ሴት በማቀዝቀዝ መንገድ መምራት ጀመሩ። ምክንያቱ አሳማኝ ይመስላል። በመርፌ የተነቃ ሰውነት ፕሮጄስትሮንን ቀድሞ ሊያነሣ ይችላል፤ ያኔ ማህፀኑ ሽሉን ቀድሞ ይበስላል፤ ሽሉ ሲደርስ በሩ እየተዘጋ ነው። ታዲያ በዕጣ ሲፈተን ምን ወጣ? በ2016 የቻይናዋ ዚ-ጂያንግ ቼንና ባልደረቦቻቸው ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ያላቸውን 1,508 ሴቶች አጥንተው የቀዘቀዘው 49.3 በመቶ፣ ትኩሱ 42.0 በመቶ ልጅ እንደሰጠ አሳወቁ፤ የእንቁልጢው መቆጣትም ከ7.1 ወደ 1.3 በመቶ ወረደ። ዓለም ተደሰተ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ከዚያው ከቻይና የወር አበባቸው በጊዜው የሚመጣ 2,157 ሴቶች ላይ የተደረገው ጥናት ወጣ፤ 48.7 በ50.2፣ ልዩነት የለም ማለት ነው። በቬትናም ሆ ቺ ሚን ከተማ 782 ሴቶች ላይ የተደረገውም እንዲሁ አለ። በ2019 እንደገና ከቻይና፣ አንድ ብላስቶሲስት ብቻ ሲገባ የቀዘቀዘው እንደሚበልጥ የሚያሳይ መጣ። በ2020 የዴንማርክ፣ የስዊድንና የስፔን ሐኪሞች 460 ሴቶችን አጥንተው ብልጫ አላገኙም። በእንግሊዝ በ2022 የወጣውም ትኩሱን መተው አይጠቅምም አለ።

እነዚህን ጥናቶች ጎን ለጎን ሳነባቸው እርስ በርስ የሚጋጩ አይመስሉኝም። ብዙ እንቁላል ያላት፣ ለመቆጣት የተጋለጠች ወይም ፕሮጄስትሮኗ ቀድሞ የተነሣ ሴት በማቀዝቀዝ ትጠቀማለች። ሌላዋ አትጠቀምም፤ ለወራት መጠበቅና ተጨማሪ ክፍያ ብቻ ይተርፋታል። ሁሉንም ሴት በአንድ መንገድ መምራት ለክሊኒኩ መርሐ ግብር ይመቻል፤ ለታካሚዋ ግን ማስረጃው አይደግፈውም። ይህን በግልጽ መናገር ያለብን ገንዘቡ የሚወጣው ከሴቲቱና ከባሏ ኪስ ስለሆነ ነው።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ቀዝቃዛው ሽል የሚገባበት ማህፀን ነው። በ2016ቱ ጥናት ውስጥ አንድ ሌላ ቁጥር ነበር፤ በእርግዝና የሚመጣው አደገኛ የደም ግፊት፣ ፕሪኢክላምፕሲያ፣ በትኩሱ 1.4 በመቶ ሲሆን በቀዘቀዘው 4.4 በመቶ ነበር። ምክንያቱ ሲፈለግ ጣት የተቀሰረው ወደ ማህፀኑ አዘገጃጀት ነው። ቀዝቃዛ ሽል ለማስገባት ሁለት ዋና መንገድ አለ። አንዱ በመድኃኒት ነው፤ ሴቲቱ ኤስትሮጅን ለሁለት ሳምንት ያህል ትወስዳለች፣ የማህፀኗ ልባስ ሲወፍር ፕሮጄስትሮን ይጀመራል፣ ብላስቶሲስቱም ፕሮጄስትሮን በጀመረች በስድስተኛው ቀን ይገባል። ቀኑን መምረጥ ይቻላል፤ ለክሊኒክም ለሠራተኛ ሴትም ይመቻል። ነገር ግን በዚያ ወር እንቁላል አልወጣም። እንቁላል ከወጣበት ከረጢት የሚፈጠረው፣ ኮርፐስ ሉቴየም የሚባለው አካል የለም ማለት ነው። ያ አካል ከፕሮጄስትሮን ሌላ ሪላክሲን የተባለውንና የእናትየውን ደም ሥር ለእርግዝና የሚያዘጋጀውን ሆርሞን ይሰጣል፤ መርፌና ክኒኑ ሪላክሲንን አይተኩም። ሁለተኛው መንገድ ሴቲቱ በራሷ ዙር እንቁላል እስክታወጣ ጠብቆ ከዚያ ቀን ቆጥሮ ማስገባት ነው። በተፈጥሮ ዙር የታከሙት የደም ግፊቱ አደጋ ያነሰባቸው መሆኑን ብዙ ክትትሎች አሳይተዋል። የወር አበባዋ በጊዜው የሚመጣ ሴት ሁለተኛውን መንገድ የመጠየቅ መብት ያላት ይመስለኛል፤ የደም ግፊት ያለባት ወይም ዕድሜዋ የገፋ ደግሞ አጥብቃ ልትጠይቅ ይገባል።

በቀጠሮው ጥያቄ ላይ ንግድም ገብቶበታል። ከማህፀን ግድግዳ ትንሽ ቆርጦ ወስዶ የዘረ መል ምልክቱን በማየት «ያንቺ ማህፀን የሚከፈተው በ12 ሰዓት ዘግይቶ ነው» የሚል ምርመራ ለዓመታት በውድ ተሸጠ። በ2022 አሜሪካ ውስጥ 767 ሴቶች ላይ በዕጣ ሲፈተን በምርመራው ከተመሩት 58.5 በመቶ፣ ካልተመሩት 61.9 በመቶ ልጅ ወለዱ። ምርመራው አልጠቀመም። በተፈጥሮ ለሚያረግዙ ሴቶች በ1999 የወጣው ጥናት እንዳሳየው ከሚዘልቁ እርግዝናዎች 84 በመቶዎቹ እንቁላል በወጣ በስምንተኛው፣ በዘጠነኛውና በዐሥረኛው ቀን ይጣበቃሉ። ማህፀን በሩን የሚከፍተው ለቀናት ነው፤ በሰዓት የሚያባርር አይመስልም።

በኢትዮጵያ ይህ ሁሉ ለረጅም ጊዜ የሩቅ ወሬ ነበር። አቅም ያላቸው ሕንድ፣ ታይላንድ ወይም ቱርክ ይሄዳሉ፤ የሌላቸው ጸበልና ስለት ላይ ይቀራሉ፣ ትዳራቸውም ብዙ ጊዜ በዚሁ ይናጋል። በ2019 የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የመንግሥት የሆነውን የመጀመሪያውን የአይቪኤፍ ማዕከል አዲስ አበባ ውስጥ ከፈተ። በአገራችን ብዙ ሴት ልጅ የምታጣው በወቅቱ ባልታከመ ኢንፌክሽን ቱቦዋ ስለሚዘጋ ነው፤ የሌስሊ ብራውን ችግር ማለት ነው። ለእንዲህ ያለች ወጣት ሴት እንቁልጢዋም ማህፀኗም ጤነኛ ነው፤ ብዙ ውድ ጌጥ አያስፈልጋትም። በ2007 በታተመ የኔዘርላንድ ጥናት ቀለል ባለ መድኃኒትና በአንድ አንድ ሽል የታከሙት ሴቶች በዓመት ውስጥ 43.4 በመቶ፣ በከባዱና በሁለት ሽል የታከሙት 44.7 በመቶ ወልደው ተገኝተዋል። ለደሃ አገር ከዚህ የሚበልጥ ዜና በዚህ መስክ አላየሁም።

በውጭ ከሚኖሩ ወገኖቻችን እስራኤል ያሉት ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ልጆች ሴቲቱ እስከ 45 ዓመቷ ድረስ ወጪው በጤና መድን ይሸፈንላቸዋል። አሜሪካ ያሉት ግን መድናቸው ካልሸፈነ ለአንድ ዙር ከዐሥር ሺህ ዶላር በላይ ከኪሳቸው ያወጣሉ፤ ስለዚህ «ሁለቱንም ሽል አስገባልኝ» የሚል ግፊት ይበረታል። ውጭ ሄዶ መታከም ለተገደደ ሰው ትልቁ አደጋ ከተመለሰ በኋላ ይመጣል። ሽሎቹ በሰው አገር ናይትሮጅን ውስጥ ቀርተዋል፤ ባለቤቶቹ አዲስ አበባ ወይም ጅዳ ናቸው። ስለዚህ ከአገር ከመውጣታቸው በፊት በእጃቸው ሊኖር የሚገባ ወረቀት አለ። ስንት ሽል እንደቀዘቀዘ፣ በስንተኛው ቀንና በምን ደረጃ፣ በየትኛው መያዣና ፈሳሽ፣ የማቆያው ክፍያ በዓመት ስንት እንደሆነና ካልተከፈለ ምን እንደሚደረግ የሚናገር፣ ማህተም ያለበት ወረቀት። መያዣውና ፈሳሹ ካልተጻፈ ሽሉ አንድ ቀን ወደ ጳውሎስ ወይም ወደ ሌላ ማዕከል ቢመጣ እንኳ የሚያሟሟው ባለሙያ በየትኛው መንገድ እንደሚነሣ በግምት ይሠራል፤ ሽል ደግሞ ሁለት ጊዜ አይሞከርም።